የተናጠ ደም

ደም ለእኔ ደግ ወሬ ይዞ መጥቶ አያውቅም። በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት ቁብም አልሰጠሁት፤ በኋላ ግን በየወሩ ብቅ ሲል እንደ ግብር ሰብሳቢ ሆነብኝ። መምጣቱን አውቃለሁ፣ ቀኑንም አውቃለሁ፣ ሲመጣ ግን ሁልጊዜ ፊቴ ይጠቁራል። እናም አዲስ አበባ የምትከታተለኝ ሐኪም አንድ ቀን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ "የራስሽን ደም ቀድተን፣ ከውስጡ የሚጠቅመውን ለይተን፣ ወደ ማህፀንሽ ብንመልሰው ምን ይመስልሻል?" ስትለኝ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አደረግሁና ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

ጠርጣራ ነኝ፤ አልክድም። ቡታጅራ ገበያው አካባቢ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ጣቃውን ዘርግቼ፣ ከፀሐይ አንጻር ይዤ፣ ጠርዙን በምራቄ አርሼ ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ካላየሁ ከማንም አልገዛም። የአዲስ አበባ አከፋፋዮች ስሄድባቸው "መጣች" ይባባላሉ አሉ። ባሌ ደግሞ ከቡታጅራ በቡኢ በኩል አዲስ አበባ የሚመላለስ ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የነገሩትን ሁሉ የሚያምን ሰው ነው። "አንቺ እኮ ጀነት ብትገቢ እንኳ መጀመሪያ በሩን አንኳኩተሽ እንጨቱ ደህና መሆኑን ታያለሽ" ይለኛል። እኔም "አንተ ደግሞ የት እንደሚያስገባ ሳትጠይቅ በመጀመሪያው በር ትገባለህ" እለዋለሁ።

የጠረጠርኩበት ምክንያት ግን ቀላል አልነበረም። ዓመታት ሞክረን አልሆን ሲል፣ የእኔ እንቁላልና የእሱ ዘር ከሰውነታችን ውጭ፣ መስታወት ውስጥ ተገናኝተው ፅንስ ተሠራልን። ሼኹን ጠይቀን ነበር፤ ከባልና ሚስት ከሆነ ነውር የለበትም አሉን። ከዚያ ሁሉ መርፌና ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ የተገኙት ፅንሶች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ገባልኝ፤ አልያዘም። ሁለተኛው በረዶ ውስጥ ተቀመጠ። ሐኪሟ ሌላ እንቁላል ከእኔ ይገኛል ብላ እንደማትጠብቅ በግልጽ ነግራኛለች። ስለዚህ ያ በረዶ ውስጥ ያለው የመጨረሻዬ ነበር። ከእሱ በኋላ ምንም የለም።

"ይሠራል?" አልኳት ሐኪሟን።

"አናውቅም። ለዚህ ነው የምንሞክረው" አለችኝ።

አንድ ነጋዴ ሱቄ መጥቶ "ይህ ጨርቅ ቀለሙ ይልቀቅ አይልቀቅ አላውቅም፤ ውሰጂና አጥበሽ ንገሪኝ" ቢለኝ ጨርቁን አናቱ ላይ ነው የምጠቀልልለት። እሷ ግን ፊቷ ላይ ምንም የማታለል ምልክት የላትም፤ ይህም ራሱ አጠራጠረኝ። ፈገግ እያለች አስረዳችኝ። ፅንሱ ጥሩ ሆኖ እያለ ማህፀን ላይ ተጣብቆ መቀመጥ የሚያቅታቸው ሴቶች አሉ። ደም ውስጥ ደግሞ ቁስል ሲደርስብን ደሙን የሚያረጉ፣ የተጎዳውን ሥጋ የሚጠግኑ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። እነሱን አብዝተን ማህፀኑ ውስጥ ብናስገባ ፅንሱ የሚቀመጥበት ስፍራ ይመቻች ይሆን? ጥያቄው ይህ ነው አለች። መልሱን ለማግኘት ከእያንዳንዷ ሴት ደም ይቀዳል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ገሚሶቹ የራሳቸው ደም ይመለስላቸዋል፤ ገሚሶቹ የጨው ውሃ ብቻ ነው የሚገባላቸው።

"የጨው ውሃ?" አልኩ።

"ጉዳት የለውም።"

"ጥቅምስ?"

"የለውም" አለች። "ለማነጻጸር ነው። ሲሪንጁ ይሸፈናል፤ አንቺም አታውቂም፣ እኔም አላውቅም።"

"ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?"

"ላብራቶሪ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ብቻ።"

"እሱስ የማን ሰው ነው?"

ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም። እዚያ ክሊኒክ ውስጥ የሚተነፍሱት አየር እንኳ ሳይከፈልበት አይቀርም፤ ይህ ነገር ግን በነጻ ነው ተባልኩ። በነጻ የሚሰጥ ነገር ነጋዴን ያስፈራዋል። ደሜን ቀድተው ለሌላ ሰው ቢሸጡትስ? የሌላ ሴት ደም ቢያስገቡብኝስ? ከኔ ብልቃጥ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ቢነሳስ? ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቅኋት። ትዕግሥቷ የሚገርም ነበር። መጨረሻ ላይ "ስሚ፣ ገጠር ወተት ሲናጥ አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል?" አለችኝ። "ሲናጥ ቅቤው ከአሬራው ይለያል። እኛም ደምሽን ማሽን ውስጥ ከተን እናሽከረክረዋለን፤ ቀዩ ታች ይቀራል፣ የምንፈልገው ወደ ላይ ይወጣል። ከፈለግሽ በመስታወቱ በኩል ቆመሽ ታያለሽ።"

ማየቱን ስትፈቅድልኝ ነው ልቤ ትንሽ የተረጋጋው። እምቢ ብዬ፣ ፅንሱ ሳይይዝ ቢቀር፣ ዕድሜ ልኬን ያልሞከርኩትን ነገር እያሰብኩ እንደምኖር ታወቀኝ። ራሴን አውቀዋለሁ። እሺ ብዬ ፈረምኩ፤ ከመፈረሜ በፊት ግን ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር አለመኖሩን አየሁ።

ከሐኪሟ በላይ የምጠረጥረው ሰው ግን ቤቴ ውስጥ ነበር፤ አማቴ።

አማቴ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ከእኛ ጋር የሚኖሩት። ጓሯችን ያለው እንሰት የእሳቸው ነው፤ አንዱንም ሳያስፈቅድ የሚነካ የለም። ትልቅ ሰውነት ያላቸው፣ ዝም ያሉ ሴት ናቸው፤ መቁጠሪያቸው፣ ሙስበሃቸው፣ ከጣታቸው አይለይም። ከልጃቸው ጋር በመስቃንኛ ነው የሚያወሩት። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ወልቂጤ ነው፤ የእናት አባቴ ጉራጊኛ ሌላ ነው፣ የእሳቸውን ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው። ስለዚህ ሁለታችን የምንግባባው በአማርኛ ነበር፤ የእሳቸው አማርኛ ደግሞ አጭር ነው፤ ከሁለት ሦስት ቃል አያልፍም። ዝም ባሉ ቁጥር ምን እንደሚያስቡ እኔ እሞላላቸዋለሁ፤ ስሞላው ደግሞ ደግ ነገር አልሞላበትም።

ለምሳሌ መስገጃዬን ያዩታል። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፤ እንግዲህ የአንዲት ምራት መስገጃ ተጠቅልሎ ጥግ ከቆመ፣ ቤቱ ሁሉ በዚያ ወርም እንዳላረገዘች ያውቃል ማለት ነው። አማቴ ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ብቅ ይሉና "አሰላሙ አለይኩም" ብለው፣ ዓይናቸውን ወደዚያ ጥግ ወርወር ያደርጉና ይሄዳሉ። ምንም አይሉም። እኔ ግን ከነገር ሁሉ የሚያቃጥለኝ ያ ዓይን ነበር።

ከዚያ ደግሞ የእንሴኖ ነገር አለ። ሕክምናው ከተጀመረ ወዲህ አማቴ በገበያ ቀን እዚያው አጠገባችን ያለችው እንሴኖ ከተማ መመላለስ አበዙ። ቡታጅራ የሌለ ምን ነገር እንሴኖ አለ? ጠይቄያቸው "ዘመድ" አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ከአንዲት ቆንጆ ልጅ ጋር መጣች። ልጅቷ ዓይኗን ሰበር አድርጋ፣ በኮባ የተሸፈነ ነገር ታቅፋ፣ ከአማቴ ጓዳ ገባች። በመስቃንኛ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። ስገባ ዝም አሉ። ልጅቷ ተነስታ እጄን ሳመችኝ፤ ጣቶቿ ለስላሳ ናቸው። ያን ቀን ሱቅ ቁጭ ብዬ ደንበኛ እያናገርኩ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ለባሌ ሁለተኛ ሚስት እየታየችለት ነው፤ ይህ ለእኔ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር። በሃይማኖታችንም ቢሆን የሚከለክላቸው የለም።

የጥናቱን ነገር ለአማቴ ስነግራቸው ሙስበሃቸው ቆመ። "የማን ደም?" አሉ።

"የራሴ።"

"ወስደው ለምን ይመልሳሉ?"

ሐኪሟ እንዳለችው አስረዳኋቸው። "ይንጡታል፣ እማ። ልክ እንደ ወተት። ከላይ የሚወጣውን ነው የሚመልሱልኝ።"

ወደ ጓዳቸው ዘወር ብለው አዩ። ከዚያ "ገባኝ" ብለው ሙስበሃቸውን ቀጠሉ። ምን እንደገባቸው አልጠየቅኋቸውም።

የቀጠሮው ዋዜማ የክሊኒኩ ነርስ ደውላ "ነገ ቁርስ ሳትበዪ ነይ፤ ውሃ ብቻ" አለችኝ። የንጋቱን ሱብሂ ሰግጄ ስጨርስ፣ ባሌ ውጭ ሚኒባሱን እያሞቀ ሳለ፣ አማቴ ኩባያ ይዘው ገቡ። የቀለጠ ቅቤ ነው፤ እስከ አፉ ሞልቷል። የኮሰረቱና የኮረሪማው ሽታ ክፍሉን ሞላው። ሳሸተው አሮጌ ቅቤ ነው፤ ዓመት የተቀመጠ፣ ምላስ ላይ የሚከብድ ዓይነት። ከእኛ ወጥ ቤት የመጣ እንዳልሆነ ወዲያው አወቅሁ።

"ጠጪ" አሉኝ። "ደም ሊወስዱብሽ ነው።"

"ቁርስ አትብዪ ብለውኛል፣ እማ።"

"ምግብ አልሰጠሁሽም" አሉ ቆጣ ብለው። "ቅቤ ነው።"

ልክ ናቸው። እኔም የጉራጌ ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት ከባጃጅ ለወደቀ፣ ሳል ለያዘው፣ እግሩ ለተሰበረ፣ ደሙ ለፈሰሰ ሰው የሚሰጠው ቅቤ ነው፤ ቅቤ መጠጣትን ቁርስ መብላት ብሎ የሚጠራ ሰው ተወልጄ አልሰማሁም። አንዴ አሸተትኩት፣ ሁለቴ አሸተትኩት፣ ከዚያ ጨልጬ ጠጣሁት። ደረቴን እያሞቀው ወረደ። አማቴ ኩባያውን ተቀብለው ውስጡን አዩና "በይ፣ አላህ ይርዳሽ" አሉኝ።

መንገዱን ሁሉ ሆዴ ሞቆኝ፣ ከቡኢ በኋላ እንቅልፍ እየጣለኝ ደረስን። ክሊኒኩ ውስጥ ክንዴን አስረው ደም ቀዱልኝ። ብልቃጦቹ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አነበብኩ፤ ነርሷ እስክትስቅ ድረስ ደግሜ አነበብኩ። ሐኪሟ ቃሏን ጠብቃ የላብራቶሪው መስታወት ጋ አቆመችኝ። ውስጥ ያለው ባለሙያ ደሜን ማሽኑ ውስጥ ከተተ፤ ማሽኑ እየጮኸ ተሽከረከረ። ዓይኔን አልነቀልኩም። ቢያዛጋኝም አልነቀልኩም። ሲቆም ባለሙያው አንዱን ብልቃጥ አንስቶ፣ ልክ እኔ ጨርቅ እንደማየው፣ ወደ መብራቱ ይዞ አየው። ከዚያ ሌላውን አነሳ። ከዚያ ሐኪሟን ጠራት።

ከታች ቀይ ነበር። ከላይ ግን የጠራ ቢጫ መሆን የነበረበት ነገር ነጭ ነው፤ ድፍርስ፣ ወፍራም፣ እንደ ወተት።

"ዛሬ ምን በልተሻል?" አለችኝ ሐኪሟ ወጥታ።

"ምንም።"

"ምንም አልቀመስሽም?"

"ቅቤ ጠጥቻለሁ።"

ባለሙያው ከመስታወቱ ኋላ አፉን በእጁ ሲሸፍን አየሁት። "ቁርስ አትብዪ ተብለሽ አልነበረም?" አለች ሐኪሟ።

"ቁርስ አልበላሁም!" አልኳት፤ ከልቤ ነው የተናገርኩት።

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ቢሆንም ፊቷ ላይ ያለው ፈገግታ ጠፍቶ ነበር። የጠጣሁት ስብ ደሜ ውስጥ ገብቶ ሁሉን አደፍርሶታል፤ ይህ ደም አይሆንም፣ ይደፋል አለችኝ። ነገ ጠዋት ከውሃ በቀር ምንም ሳልቀምስ እንድመጣ አዘዘችኝ፤ የነገውም እንዲህ ከሆነ ከጥናቱ እወጣለሁ። ፅንሱ የሚገባበት ቀን በማህፀኔ ዝግጅት የተወሰነ ስለሆነ አይገፋም፤ ያለምንም እርዳታ ይገባል።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ነገሩን ሰፋሁት። ስሰፋው ደግሞ ልክ ሆኖ ገጠመልኝ። ያ ቅቤ ከየት መጣ? ያን ያህል አሮጌ ቅቤ ከጓዳቸው አውጥተው ሰጥተውኝ ያውቃሉ? ቁርስ አትብዪ እንደተባልኩ ነግሬያቸው ለምን ተቆጡ? ኩባያው ባዶ መሆኑን ለምን አዩ? የእንሴኖዋ ቆንጆ ልጅ ፊት ፊቴ ላይ መጣ። የመጨረሻ ፅንሴ አልይዝ ቢል ማን ይጠቀማል? ሆዴ ውስጥ ያለው ቅቤ ወደ ጉሮሮዬ ወጣ፤ ሄጄ አስመለስኩት። ሲረፍድ ማስመለስ ምን ይጠቅማል።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሆቴል አልጋ ይዘን ቁጭ እንዳልን ለባሌ ነገርኩት። "እናትህ አውቀው ነው" አልኩት።

"ምኑን?"

"ቅቤውን። ደሜን ሊያበላሹት ነው። እንሴኖም የሚሄዱት ላንተ ሚስት ፍለጋ ነው። የማላውቅ መሰለህ?"

ባሌ አይቆጣም፤ ያን ቀን ግን ፊቱ ቀላ። "እናቴ እንሴኖ የምትሄደው..." ብሎ ጀመረና አፉን ዘጋ። "ለምንድን ነው?" አልኩት። "ተዪው" አለኝ። "ለምንድን ነው?" ብዬ ጮህኩ። "ተዪው ብያለሁ፣ እኔ የምናገረው ነገር አይደለም" አለና ጫማውን አድርጎ ወጣ። ሲመለስ ዳቦና ብርቱካን ይዞልኝ መጣ። አልነካሁትም። ከእሱም እጅ መቀበል ፈርቼ ነበር። ያገባሁት፣ የምወደው ሰው ነው፤ የያዘውን ብርቱካን ግን እንደ ጠላት ነበር የማየው።

በማግስቱ ደሜ ጠራ። ማሽኑ ሲቆም ባለሙያው ብልቃጡን ወደ እኔ ዞር አድርጎ አሳየኝ፤ ከላይ ያለው እንደ ሻይ ቅጠል ውሃ የጠራ ቢጫ ነው። አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ከዚያ መጋረጃ ተሳበ፤ ዕጣው በየትኛው ወገን እንደጣለኝ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ሲሪንጁ በብር ወረቀት ተጠቅልሎ መጣ። ተኝቼ ሲያስገቡልኝ ቀዝቃዛ ነገር ተሰማኝ። ደሜ ቢሆን አይሞቅም ነበር? ብዬ አሰብኩ። ከገላዬ የወጣ ነገር ወደ ገላዬ ሲመለስ እንዴት እንግዳ ይሆንብኛል? ሐኪሟን ጠየቅኋት። "ሁሉም ሴቶች ቀዝቃዛ ነው ይላሉ" አለችኝ። ይህም መልስ አልሆነልኝም።

ፅንሱ የገባልኝ ቀን ግን ጥርጣሬዬ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ተወኝ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አሳዩኝ፤ "ያውልሽ" አሉኝ። ከጤፍ ያነሰች ነጥብ ናት። ባሌ እጄን ይዞ ነበር። አለቀስኩ። ያችን ነጥብ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንንም ባልወደድኩት ዓይነት ወደድኳት፤ ይህን ስጽፍም እንኳ አላፍርበትም።

ቡታጅራ ተመልሼ ግን ከአማቴ እጅ መብላት አቆምኩ። "ሐኪም ከልክሎኛል" ብዬ የራሴን ምግብ ለብቻዬ መሥራት ጀመርኩ፤ ድስቴንም ከፊቴ አላጠፋም። አማቴ የመጀመሪያ ቀን ቆጮና አይብ አምጥተውልኝ መለስኩት። በሁለተኛው ቀን ወተት አመጡ፤ መለስኩት። ከዚያ በኋላ ማምጣት ተዉ። ምንም አላሉም፤ በር ላይ ቆመው ያዩኛል፣ ይሄዳሉ። በገበያ ቀን ደግሞ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ እንሴኖ። ባሌ በእኔና በእሳቸው መካከል አንገቱን ደፍቶ ይወጣል፣ ይገባል።

የእርግዝና ምርመራው ቀን ሲደርስ ወልቂጤ ሄድኩ። ቡታጅራ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠራዋ ልጅ ደንበኛዬ ናት፤ ውጤቴን ከእኔ ቀድማ ገበያው እንዲሰማው አልፈለግሁም። ወልቂጤ ተወልጄ ባድግም ወላጆቼ ካረፉ ወዲህ ማንም አያውቀኝም። ተራራውን በሚኒባስ አቋርጬ፣ በባጃጅ አንድ ክሊኒክ ሄጄ፣ እንደገና ክንዴን ዘረጋሁ። የዚያን ቀንም ደም ነው። መልሱን ያመጣችልኝ ሴት ፊቴን ሳታይ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችልኝ።

አልያዘም።

ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ለሐኪሟ ደወልኩ። "በጣም አዝናለሁ" አለች፤ ድምጿ እውነተኛ ነበር። መድኃኒቱን እንዳቆም ነገረችኝ። "የጨው ውሃ ነበር የሰጣችሁኝ?" አልኳት። "እኔም አላውቅም፤ እውነቴን ነው። ጥናቱ ሲያልቅ ለሁላችሁም ይነገራል" አለችኝ። ይህን እየጻፍኩ ሳለ ጥናቱ አላለቀም። ያን ቀን ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ያችን ነጥብ የጣልኳት እኔ ነኝ፣ ወይስ ዕጣው፣ ወይስ ያ ኩባያ? የምጠረጥረው ሰው ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

መድኃኒቱን ሳቆም ደሙ መጣ። ለባሌ ነገርኩት፤ የሚኒባሱን ቁልፍ አስቀምጦ ጎኔ ተቀመጠ። ለእናቱ ትንፍሽ እንዳይል አስማልኩት። መስገጃዬን ጥግ አላቆምኩትም። አዛን በተሰማ ቁጥር ለስግደት የምታጠብ ለማስመሰል ውሃ እያንቦጫረቅኩ በሬን ዘግቼ እዘረጋዋለሁ፤ አልሰግድም፣ ዝም ብዬ እቀመጥበታለሁ። ያንን ዓይን ደስ አላሰኘውም ብዬ ነው።

አንድ ቀን አስር ሰዓት አካባቢ እንዲሁ ተቀምጬ ሳለ አማቴ ሳያንኳኩ በሩን ከፍተው ገቡ። በሁለት እጃቸው ጎድጓዳ ሳህን ይዘዋል። የቡላ ገንፎ ነው፤ መሐሉ ላይ ቅቤው እንደ ኩሬ ተኝቷል። ሽታውን ወዲያው አወቅሁት። የዚያን ቀኑ ቅቤ ነው።

"ደሙ መቼ መጣ?" አሉኝ።

"የምን ደም?"

ውሃ ያልነካውን ደረቅ እግሬን አዩት። ሳህኑን አስቀምጠው ወለሉ ላይ፣ ከፊቴ፣ ጉልበታቸውን እያሻሹ ተቀመጡ። ያ ዝምታቸው ሲመጣ እኔ ፈነዳሁ። "ደስ ይበልዎት፣ እማ!" አልኳቸው። "አልያዘም። የመጨረሻው ነው፣ ሌላ የለም። አሁን ያቺን የእንሴኖዋን ልጅ ያምጡለት!"

"የቅቤ ነጋዴዋን ልጅ?" አሉ ግራ ተጋብተው። "እሷ ምን ሆነች?"

ዓይኔን ወደ ገንፎው መለስኩ።  ነገሩ ቀስ በቀስ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። አልተቆጡም። በእጃቸው አፋቸውን ያዙ።

ከዚያ በኋላ አማቴ በአንድ ጊዜ ያን ያህል አማርኛ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። በሰርጋችን ማግስት አንድ ማሰሮ ቅቤ አንጥረው፣ በኮሰረት አሽተው፣ ጓዳቸው ውስጥ መሬት ቆፍረው ቀብረውልኛል። ስወልድ የምበላው የአራስ ቅቤ ነው። በየዓመቱ እየከፈቱ ያዩታል፤ ሕክምና በጀመርኩ ቁጥር ደግሞ "በዚህኛው ይሆናል" እያሉ፣ የማሰሮው አይበቃም ብለው እንሴኖ እየሄዱ ይጨምሩበታል። ሆድ ሳይታይ የአራስ ቅቤ ነገር በአፍ ከወጣ ዓይን ይበላዋል ብለው ስለሚፈሩ ልጃቸውንም አስምለውታል።

"ታዲያ ያን ቀን ለምን ከፈቱት?" አልኳቸው። 

"ደምሽን ይንጡታል አላልሽኝም?" አሉ። "ቅቤ የሌለው ወተት ቢንጡት ምን ይወጣል? እኔ ነኝ ያሰብኩት። እንዲወጣ ብዬ ነው።"

 የሐኪሟ ላብራቶሪ፣ ያ ነጭ ድፍርስ ብልቃጥ ዓይኔ ላይ መጣ። ልክ እንዳሰቡት ከላይ ወጥቶ ነበር።

"አሁንስ ለምን ከፈቱት?" አልኩ በመጨረሻ። "አልወለድኩም እኮ። ተስፋ ቆርጠው ነው አይደል?"

"ቅቤ መልሰን እናነጥራለን" አሉ። "ልጅ ሆድሽ ውስጥ አድሯል። አሁን ወጥቷል። ደምሽም ፈሷል። ይህ ምን ይባላል?"

አላውቅም ነበር። ማንም ስም አልሰጠውም። ሐኪሟ "አልያዘም" አለች፣ ወልቂጤ ያለው ወረቀት "የለም" አለ፣ እኔ ደግሞ በሬን ዘግቼ ደበቅሁት። አማቴ ጎንበስ ብለው የመስገጃውን ጫፍ ያዙ፤ ከጉልበቴ ሥር ቀስ ብለው ስበው አወጡና በጥንቃቄ አጠፉት። ጥግ አላቆሙትም፤ ሣጥኑ ውስጥ አስገብተው ክዳኑን ዘጉ።

"ተኚ" አሉኝ። "አራስ አይሰግድም።"

ተኛሁ። ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ሳቡልኝ። ከዚያ ቡላውን ከቅቤው ጋር በጣታቸው ለውሰው ወደ አፌ አቀረቡት። እንደ ልማዴ መጀመሪያ አሸተትኩት። ከዚያ በላሁ።